ሁለት ሳይት፣ ሁለት ኤሌክትሮን፦ ሜኒ ቦዲ ፊዚክስ በእርሳስ እንዴት ይጀመራል

የሜኒ ቦዲ (እርስ በርስ የሚገፋፉ ብዙ ኤሌክትሮኖች ፊዚክስ) ኮርስ በመጀመሪያው ሳምንት ያሳየኝ ስዕል ነበር። ክብ፣ ቀስት፣ የተወዛወዘ መስመር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አረፋ የሚመስል ነገር ይሠራል፣ እኛ እንገለብጣለን። ፈተና ላይም ያንኑ ገለበጥን፣ አለፍንም። ኤሌክትሮኖቹ ምን እያደረጉ ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ግን መልሴ ጭጭ ነበር።

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ስዕሉ በር አይደለም። ጊዜው ሲደርስ ትማሩታላችሁ፣ ትወዱትማላችሁ። በሩ ሁለት ኤሌክትሮን ሁለት አቶም ላይ አስቀምጦ በወረቀትና በእርሳስ እስከ መጨረሻው መፍታት ነው። አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከዚያች ትንሽ ሂሳብ ውስጥ ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁስ) ይወጣል፣ ማግኔት ይወጣል፣ ሚን ፊልድ (በአማካይ የማስላት ዘዴ) የት ላይ እንደሚዋሽም ይወጣል። እኔ ግን እሷን የሠራኋት ኮርሱን ከጨረስኩ በኋላ ነው። እናንተ አትድከሙ፣ ከእሷ ጀምሩ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። መሠረታዊ ኳንተም ሜካኒክስ፣ 2 በ2 ማትሪክስ ዳያጎናላይዝ ማድረግ፣ ስፒን ምን እንደሆነ ማወቅ። ፓይተን ትንሽ የነካካችሁ ከሆነ ደግሞ የኋለኛው ክፍል ይጥማችኋል።

ባንድ ቲዎሪ የተደናቀፈበት

የሶሊድ ስቴት ኮርስ በአጭሩ እንዲህ ይላል። አንድ ኤሌክትሮን ውሰዱ፣ ላቲሱ (የአቶሞቹ ድርድር) ውስጥ ልቀቁት፣ የኃይል ደረጃዎቹን አስሉ፤ የደረጃዎቹ ስብስብ ባንድ ይባላል። ከዚያ የቀሩትን ኤሌክትሮኖች ከታች ጀምራችሁ ሙሉ። ባንዱ ግማሽ ድረስ ከሞላ ሜታል ነው፣ ጢም ብሎ ከሞላ ኢንሱሌተር። ለመዳብ ይሠራል፣ ለሲሊከንም ይሠራል።

በ1937 ደ ቡር እና ፈርዌይ የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን ይህ ቆጠራ የማይሠራባቸውን ነገሮች ይዘው መጡ። አንዱ ኒኬል ኦክሳይድ ነው። በቆጠራው መሠረት ባንዱ ስላልሞላ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ነበረበት። አያስተላልፍም። ፓየርልስና ሞት የተባሉ ፊዚሲስቶች ወዲያው የጠረጠሩት የኤሌክትሮኖቹን መገፋፋት ነው። አቶሙ ላይ አንድ ኤሌክትሮን ካለ፣ ሌላው እዚያ ለመምጣት ብዙ ኃይል ይጠየቃል። ስለዚህ ሁሉም ባለበት ይቀመጣል። ባንዱ ውስጥ ቦታ ሞልቷል፣ የሚንቀሳቀስ ግን የለም።

እሺ፣ መገፋፋቱን ጨምረን ለምን አናሰላም? ሂሳቡ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሳይት (የአንድ አቶም ቦታ) አራት ዓይነት ሊሆን ይችላል፦ ባዶ፣ አንድ አፕ (ስፒኑ ወደ ላይ)፣ አንድ ዳውን (ስፒኑ ወደ ታች)፣ ወይም ሁለቱም። ሁለት ሳይት ሲሆን 16 ነው። አሥር ሳይት ላይ 1,048,576 ይደርሳል። ሃያ ሳይት ላይ አንድ ትሪሊዮንን ያልፋል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር መዳብ ውስጥ ደግሞ ወደ 8.5 × 10²² ነፃ ኤሌክትሮን አለ። ይሄ የተሻለ ኮምፒውተር ገዝታችሁ የምትወጡት አይደለም። የሚያዋጣው ትንሿን፣ የምትፈታዋን ችግር አንጀቷ ድረስ ማወቅና ትልቁን በእሷ ዓይን ማየት ነው።

ስም ተዉ፣ ወንበር ቁጠሩ

ሁለተኛ ኳንታይዜሽን ሲባል ስሙ ያስፈራል። ሁለት ጊዜ ኳንታይዝ የሚደረግ ነገር የለም። ዲራክ በ1927 ለፎቶን፣ ዮርዳንና ዊግነር በ1928 ለፈርሚዮን (እንደ ኤሌክትሮን ላለው) ያበጁት የአጻጻፍ ዘዴ ነው፣ ስሙ ከዚያ ዘመን ቀረ።

የሚኒባስ ረዳት አስቡ። ረዳቱ የተሳፋሪ ስም አያውቅም። እገሌ የት ተቀመጠ ብሎ አይጨነቅም። የሚያየው ወንበሩን ነው፦ ይሄ ተይዟል፣ ያኛው ባዶ ነው፣ «ሁለት ሰው የቀረው!» ኤሌክትሮን ከተሳፋሪም ይብሳል፣ ምክንያቱም ተሳፋሪ ስም አለው፣ ረዳቱ ስለማያውቀው ነው እንጂ፤ ኤሌክትሮን ግን ጭራሽ ስም የለውም። «አንደኛው ኤሌክትሮን» እና «ሁለተኛው ኤሌክትሮን» እያልን የምንጽፈው ዌቭ ፋንክሽን መጀመሪያ የሌለ ስም ይሰጣል፣ ከዚያ ስሙን ለማጥፋት ሲባል ገጽ ሙሉ ድምር ይጽፋል። ረዳቱ ከመጀመሪያውም ስም አልጻፈ።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ኦፕሬተር ብቻ ይኖረናል። ፈጣሪው ወንበር ላይ ያስቀምጣል፣ አጥፊው ደግሞ «ወራጅ አለ» ሲባል ያስነሳል። ሕጎቹም ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ትርፍ መጫን የለም፤ አንድ ወንበር ላይ (ማለትም አንድ ሳይት ላይ በአንድ ስፒን) ሁለት ኤሌክትሮን ለማስቀመጥ ከሞከራችሁ መልሱ ዜሮ ነው። ይሄ የፓውሊ ሕግ ነው፣ እኛ አገር ትራፊክ ፖሊስ ያላስከበረውን እሱ ያስከብራል። ሁለተኛ፣ ሁለት ፈጣሪ ኦፕሬተሮችን ቦታ ካቀያየራችሁ ማይነስ ይመጣል። እንደ እውነቱ የመጀመሪያው ሕግ ከሁለተኛው የሚወለድ ነው። አንድ ነገር ከራሱ ማይነስ ጋር እኩል ከሆነ ዜሮ ከመሆን ሌላ ምን አማራጭ አለው?

ተማሪን የሚያቃጥለው ያ ማይነስ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወረቀቱ ራስጌ ላይ የኦፕሬተሮቻችሁን ቅደም ተከተል ጻፉ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አትለውጡት። የእኔ ልማድ አፖቹ ሁሉ በግራ፣ ዳውኖቹ ሁሉ በቀኝ፣ በየቡድናቸው ደግሞ በሳይት ቁጥር ነው። እናንተ ሌላ ብትመርጡም ችግር የለም፣ መሀል ላይ መቀየር ነው ጦሱ።

አሁን እርሳስ አንሱ

የምንፈታው የሃባርድ ሞዴልን ነው። ጆን ሃባርድ በ1963 አወጣው። ጉትስቪለርና ካናሞሪም በዚያው ዓመት ለየብቻቸው ደርሰውበታል። ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው። ኤሌክትሮን ወደ ጎረቤት ሳይት ሲዘል ሃሚልቶኒያኑ (የኃይሉ ኦፕሬተር) ላይ −ቲ ይጻፋል፤ ቲ የዝላዩ ጥንካሬ ነው። አንድ ሳይት ላይ ሁለት ኤሌክትሮን ሲገናኙ ዩ የሚባል ቅጣት ይከፈላል። በቃ።

ሁለት ሳይት፣ አንድ አፕ፣ አንድ ዳውን። ሊሆኑ የሚችሉት አራት ናቸው፦

ሀ = አፕ ሳይት 1 ላይ፣ ዳውን ሳይት 2 ላይ
ለ = አፕ ሳይት 2 ላይ፣ ዳውን ሳይት 1 ላይ
ሐ = ሁለቱም ሳይት 1 ላይ
መ = ሁለቱም ሳይት 2 ላይ

ከሀ ተነሱ። ዳውኑ ወደ ሳይት 1 ቢዘል ሐ ይሆናል፣ አፑ ወደ ሳይት 2 ቢዘል ደግሞ መ። ከለ ብትነሱም መድረሻዎቹ እነዚያው ናቸው። ቅደም ተከተላችንን ካከበራችሁ ምንም ተጨማሪ ማይነስ አይመጣም፤ ዳውኑ ሲዘል የሚያልፈው አፕ በሁለት ኦፕሬተር ስለሚታለፍ ማይነስ በማይነስ ይጣፋል። አንድ ጊዜ በእጃችሁ አረጋግጡት፣ ከዚያ እመኑት። ሃሚልቶኒያኑ የሚሠራው ይኸው፦

ሀ → −ቲ (ሐ + መ)
ለ → −ቲ (ሐ + መ)
ሐ → −ቲ (ሀ + ለ) + ዩ ሐ
መ → −ቲ (ሀ + ለ) + ዩ መ

ወደ 4 በ4 ማትሪክስ አትሩጡ። ሁለቱን የመጀመሪያ መስመሮች ደግማችሁ እዩ። ቀኛቸው አንድ ነው። ሀ − ለ ብትወስዱ ዜሮ ይመጣል፤ ኃይሉ ዜሮ የሆነ አንድ መልስ በነፃ አገኛችሁ። ሐ − መ ብትወስዱ ዝላዩ ይጠፋና ዩ ብቻ ይቀራል፤ ሁለተኛ መልስ። የቀሩት የፕላሶቹ ጥንዶች፣ (ሀ + ለ)/√2 እና (ሐ + መ)/√2፣ እርስ በርስ ብቻ ነው የሚገናኙት፦

0   −2ቲ
−2ቲ   ዩ

ይሄንን ማንም ይፈታዋል።

ኃይል = (ዩ ± √(ዩ² + 16ቲ²)) / 2

ማይነሱ ግራውንድ ስቴት፣ ማለትም ዝቅተኛው ኃይል፣ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ጉድጓድ አለ። ሀ + ለ በፕላስ ስለተጻፈ ብዙ ሰው «ትሪፕሌት (ሦስት እኩል ኃይል ያላቸው የስፒን ሁኔታዎች) ነው» ይላል። አይደለም፣ ሲንግሌት (ሁለቱ ስፒኖች የተጣፉበት ብቸኛ ሁኔታ) ነው። ለ ስንጽፍ አፑን (ሳይት 2) አስቀድመን ዳውኑን (ሳይት 1) አስከተልን። በሳይት ቅደም ተከተል እንደገና ብትጽፉት አንድ መቀያየር አለ፣ ማይነስ ይወጣል። ያ ማይነስ ነው ሲንግሌቱ ላይ የምታውቁት ማይነስ። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ሁለቱም አፕ የሆኑበትን ሁኔታ ውሰዱ። መዝለል አይችሉም፣ ትርፍ መጫን የለምና። ኃይሉ ዜሮ ነው። ሁለቱም ዳውን ሲሆኑም ዜሮ። ከእነሱ ጋር ዜሮ ላይ የተቀመጠው ሀ − ለ ነው። ሦስት እኩል ኃይል፣ ይኸውላችሁ ትሪፕሌቱ።

ቁጥር እናስገባበት

ቲን 1 አድርጉት። ዩ ዜሮ ሲሆን ኃይሉ −2 ነው፣ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች አንድ ሳይት ላይ የመገናኘታቸው ዕድልም 50 ከመቶ። ዩ 4 ሲሆን ኃይሉ −0.828፣ የመገናኘት ዕድሉ 14.6 ከመቶ። ዩ 8 ሲሆን −0.472 እና 5.3 ከመቶ። ዩ 20 ሲደርስ −0.198። ኤሌክትሮኖቹ ቀስ በቀስ እየተሸሻሹ ሲሄዱ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይሄ መሸሻሸት ነው ኮሪሌሽን የሚባለው፤ ቃሉ ብዙ ቦታ ተድበስብሶ ይነገራል፣ ነገሩ ግን ይኸው ነው።

አሁን ትልቅ ዩ ላይ ቀመሩን ዘርዝሩት። −4ቲ²/ዩ ይወጣል። ለዩ 8 ያ −0.5 ነው፣ ትክክለኛው −0.472። ለዩ 20 ደግሞ −0.2 እና −0.198። ቅርብ ነው አይደል? ትርጉሙ ደግሞ ከቁጥሩ ይበልጣል። ኤሌክትሮኑ ለቅጽበት ጎረቤት ጎራ ብሎ ይመለሳል። ጉብኝቱ ኃይል ይቀንስለታል፣ ጎራ ማለት የሚችለው ግን የጎረቤቱ ስፒን ተቃራኒ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶች ተቃራኒ ስፒን መያዝ ይመርጣሉ። አንቲፌሮማግኔት ማለት ይሄ ነው።

ሃሚልቶኒያኑን መለስ ብላችሁ እዩት። ማግኔት የሚል ነገር የት አለ? የለም። ያስገባነው መዝለልና መገፋፋት ብቻ ነው። ማግኔቱ ከሁለቱ መሀል ተወለደ። ፊዚሲስቱ አንደርሰን በ1959 ሱፐርኤክስቼንጅን (ከዝላይ የሚወለደውን የስፒን መስተጋብር) እንዲህ አድርጎ አስረዳ። እኔ ይሄ ሲገባኝ ማታ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ በሞባይል ብርሃን ነበር የማነበው፣ ተነስቼ ክፍሉ ውስጥ ተመላለስኩ።

አንድ ነገር ጨምሩ። ኤሌክትሮን መጨመርና መቀነስ ምን ያህል ያስወጣል? አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ሲኖር ግራውንድ ስቴቱ −ቲ ነው። ሦስት ሲኖር ዩ − ቲ። የሁለቱን ድምር ውሰዱ፣ ከዚያ ላይ የሁለት ኤሌክትሮኑን ኃይል ሁለት ጊዜ ቀንሱ። የሚወጣው √(ዩ² + 16ቲ²) − 2ቲ ነው፣ ለዩ 8 ደግሞ 6.94። ስፒን ለማዞር፣ ማለትም ከሲንግሌት ወደ ትሪፕሌት ለመሄድ ግን 0.472 ብቻ ይበቃል። ቻርጅ ማንቀሳቀስ ውድ ነው፣ ስፒን ማንቀሳቀስ ርካሽ፤ ልዩነቱ ወደ 15 እጥፍ።

ላንታነም ኩፕሬት የሚባለው ቁስ ላይ የቻርጅ ጋፑ (ቻርጅ የማንቀሳቀሱ ዋጋ) ወደ 2 ኤሌክትሮንቮልት፣ የስፒን መስተጋብሩ ወደ 0.13 ነው። እዚያም 15 እጥፍ ገደማ! በእርግጥ መገጣጠሙ ግማሹ አጋጣሚ ነው፤ እዚያ ቻርጁ የሚንቀሳቀሰው ኦክስጅንን ይዞ ስለሆነ የእኛ ሁለት ሳይት ሙሉ ሥዕሉን አይዝም። ሁለት የተራራቁ ሚዛኖች መኖራቸው ግን እውነት ነው። ቤድኖርዝና ሙለር በ1986 ባሪየም ጨምረው ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት የሚያስተላልፍ) ያወጡት ከዚሁ ቁስ ነው።

ሚን ፊልድ የት ይዋሻል

ሚን ፊልድ ማለት «ሌላውን ኤሌክትሮን ተወው፣ አማካዩን ብቻ እይ» ነው። ሁለት ሳይት ላይ እንሞክረው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ግማሽ እዚህ፣ ግማሽ እዚያ ይሁን። ኃይሉ −2ቲ + ዩ/2 ይሆናል። ዩ 8 ሲሆን +2! ትክክለኛው −0.472 ነበር። ለምን እንዲህ ተሳሳተ? አማካይ ብቻ የሚያይ ሰው መሸሽ አያውቅም። የመገናኘት ዕድሉ ዩ ምንም ቢሆን 50 ከመቶ ላይ ተቸክሎ ይቀራል።

ጥገና አለው። አፑ ወደ ሳይት 1፣ ዳውኑ ወደ ሳይት 2 እንዲያደሉ ፍቀዱ፣ ከዚያ የማድላቱን መጠን ኃይሉ ዝቅ እስኪል አስተካክሉ። ዩ ከ2ቲ ሲበልጥ መልሱ −2ቲ²/ዩ ነው፤ ለዩ 8 ማለት −0.25። በጣም ተሻሻለ። ግን ከ −4ቲ²/ዩ ጋር አነጻጽሩት፣ ልክ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የት ገባ? ሚን ፊልዱ ሀን መርጦ ሀ ላይ ተቀመጠ። እውነተኛው ግራውንድ ስቴት ግን ሀ እና ለ መሀል ይመላለሳል፣ የጠፋው ግማሽ ያ መመላለስ ነው። ከዚህም በላይ ሚን ፊልዱ «ሳይት 1 አፕ ማግኔት ነው» ይላችኋል። እውነቱን ከሆነ እያንዳንዱ ሳይት ላይ የስፒኑ አማካይ ዜሮ ነው።

ግን ቶሎ አትናቁት። ሁለት ሳይት ላይ የዋሸው ነገር ብዙ ሳይት ላይ እውነት ይሆናል። ኒኬል ኦክሳይድ እስከ 520 ኬልቪን ገደማ ድረስ እውነተኛ አንቲፌሮማግኔት ነው፤ አፕ ሳይቱ አፕ ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም ያን ሁሉ ስፒን በአንዴ ማገላበጥ እስከ ወዲያኛው የሚፈጅ ነገር ነው። ስለዚህ ሚን ፊልድ ተጠቀሙ፣ ግን ባገኛችሁት መልስ ላይ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ መሸሻሸቱን ይዟል? መመላለሱንስ?

አራት ሳይት በላፕቶፕ

አሁን ፓይተን ክፈቱ። አራት ሳይት፣ ሁለት አፕ፣ ሁለት ዳውን። አፖቹን በዜሮና አንድ ጻፏቸው፦ 0011፣ 0101፣ 0110፣ 1001፣ 1010፣ 1100። ስድስት ናቸው። ዳውኖቹም ስድስት። በድምሩ 36 ሁኔታ፣ 36 በ36 ማትሪክስ። ለእያንዳንዱ ሁኔታ ሁለቱም ወገን 1 የሆነባቸውን ሳይቶች ቁጠሩና በዩ አባዙ፣ ዳያጎናሉ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጎረቤት ጥንድ አንዱን 1 ወደ ባዶው አዛውሩ፣ የደረሳችሁበትን ፈልጉ፣ −ቲ ጻፉ። ከሠላሳ እስከ አርባ መስመር ኮድ ነው።

ምልክቷ ግን! አራቱ ሳይት ቀጥ ያለ መስመር ከሆኑ ችግር የለም። ቀለበት ካደረጋችኋቸው ከሳይት 4 ወደ ሳይት 1 የሚዘለው ኤሌክትሮን በመሀል የተቀመጠውን ባለ አንድ ዓይነት ስፒን ጓደኛውን ያልፋል፣ ማይነስ ይመጣል። እኔ ይቺን ረስቼ ሁለት ሳምንት ጠፋሁ። ቀለበቱ ላይ −5.657 እያገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር የምዞረው፤ ዝቅ ያለ ኃይል የተሻለ ነው ተብለን ተምረን የለ? የዶርም ጓደኛዬ፣ እሱ የኬሚስትሪ ተማሪ ነው፣ «ዩን ዜሮ አድርገህ ሞክረሃል?» አለኝ። ያገኘሁት ቁጥር ራሱ የዩ ዜሮ ቁጥር ነበር፣ በእጅ ግን አንድም ቀን አላሰላሁትም። ቀለበት ላይ የነፃ ኤሌክትሮን ደረጃዎች −2፣ 0፣ 0፣ 2 ናቸው፤ ሁለት አፕና ሁለት ዳውን ሲሞላ ድምሩ −4። ፊዚክስ አልነበረም ያገኘሁት፣ አንድ የተረሳች ማይነስ ናት።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት እነዚህን ፈትሹ። ዩ ዜሮ፣ ቲ 1፣ ቀጥ ያለ መስመር፦ −4.472። ቀለበት፦ −4። −5.657 ካያችሁ ምልክቷን ረስታችኋል፣ አትከራከሩ። ከዚያ ቲን ዜሮ አድርጉ፤ ከ36ቱ 6 መልስ ዜሮ ላይ፣ 24 ዩ ላይ፣ 6 ደግሞ 2ዩ ላይ መሆን አለባቸው። ማትሪክሱ ሲሜትሪክ መሆኑንም እዩ። እነዚህን ያላለፈ ኮድ ላይ አንድም ግራፍ አትሥሩ።

ከዚያ ሳይት ጨምሩ። ስምንት ሳይት ግማሽ ሞልቶ (አራት አፕ፣ አራት ዳውን) 4,900 ሁኔታ ነው፤ ሙሉ ማትሪክሱ ሜሞሪ ላይ 200 ሜጋባይት አይሞላም፣ ማንኛውም ላፕቶፕ ይችለዋል። አሥር ሳይት ግን 63,504 ነው፣ ሙሉ ማትሪክሱ 32 ጊጋባይት ይጠይቃል። እዚህ ጋ ማሽናችሁ ይጮሃል። መፍትሔው ዜሮዎቹን አለማስቀመጥ ነው፤ ማትሪክሱ አብዛኛው ዜሮ ነውና በስፓርስ አስቀምጡት፣ ሳይፓይ (የፓይተን የሂሳብ ላይብረሪ) ውስጥ ባለው የላንሶስ ዓይነት ዘዴ ዝቅተኛውን ብቻ አውጡ። እንዲህ ካደረጋችሁ 12 ሳይት፣ ማለትም 853,776 ሁኔታ፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ጉግል ኮላብ ላይ ሥሩት፣ ኔትወርኩ ከቆየላችሁ። ሃያ ሳይት 34 ቢሊዮን ነው፤ አንዷ ቬክተር ብቻ ከ270 ጊጋባይት በላይ ትፈልጋለች። ግድግዳው እዚያ ነው። ስቲቨን ዋይት በ1992 ያወጣው ዲኤምአርጂ የሚባል የኮምፒውተር ዘዴ ሰንሰለት ለሆነ ነገር ይህን ግድግዳ ይዘለዋል፤ ሰንሰለቱን ሊብና ዉ ከዚያ በፊት በ1968 በቀመር ፈትተውታል፣ ስለዚህ ኮዳችሁን የምታነጻጽሩበት አለ። ሁለት ዳይሜንሽን ላይ ግን እስከ ዛሬ የጠራ መፍትሔ የለም። በ2017 ሃርቫርድ ውስጥ ኮምፒውተር ትተው ወደ 80 ሳይት ላይ ቀዝቃዛ አቶሞችን በሌዘር ደርድረው አንቲፌሮማግኔቱን በማይክሮስኮፕ አይተውታል። ተፈጥሮ ራሷ እንድታሰላው ማድረግ ይሉታል ይሄ ነው።

ታዲያ መዳብ ለምን ዝም አለ?

ጥሩ ተማሪ እዚህ ጋ ያስቸግራል። መዳብ ውስጥም ኤሌክትሮኖች ይገፋፋሉ፣ መገፋፋቱም ትንሽ አይደለም። ታዲያ የነፃ ኤሌክትሮን ሞዴል እንዴት ሠራ?

ወደ ታክሲው እንመለስ። ታክሲው ጢም ብሏል። መሀል የተቀመጠውን ሰው ብትገፉት የት ይሄዳል? ዙሪያው ሁሉ ተይዟል። መንቀሳቀስ የሚችለው በሩ አጠገብ ያለው ብቻ ነው። መዳብ ውስጥ በሩ የፌርሚ ደረጃ (ኤሌክትሮኖቹ የሞሉበት የመጨረሻው የኃይል ደረጃ) ነው፣ በቴምፕሬቸር ሲለካ ወደ 80 ሺህ ኬልቪን። የክፍል ሙቀት 300 ነው። ግጭት እንዲኖር ሁለቱም ኤሌክትሮኖች በሩ አጠገብ መሆን አለባቸው፣ ስለዚህ 300 ለ80 ሺህ የሚለው ሬሾ ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ ከ70 ሺህ አንድ ገደማ ይመጣል። መገፋፋቱ አለ፣ መውጫ ነው ያጣው።

ፊዚሲስቱ ላንዳው በ1956 ከዚህ ተነስቶ ኳሲፓርቲክልን አመጣ። ኤሌክትሮኑ ሲሄድ ዙሪያውን እያወከ ነው፣ አካባቢውን አስከትሎ። ሙሽራን ከነአጀቡ አስቡት። ሙሽራው ብቻውን ቢሆን ቱር ብሎ ይደርስ ነበር፤ ሚዜው፣ ዘመዱ፣ ካሜራ ያዡ ሲከቡት አካሄዱ ይከብዳል። ግን አሁንም አንድ ሙሽራ ነው፣ ብትቆጥሩት አንድ ነው። መዳብ ውስጥ አጀቡ ትንሽ ነው። በ1975 ሴሪየም አሉሚኒየም ሦስት ሲለካ ግን የኤሌክትሮኑ የሙቀት ቅበላ መለኪያ (ሙሽራው በከበደ ቁጥር የሚያድገው) በሞል 1,620 ሚሊጁል በኬልቪን ስኩዌር ሆኖ ተገኘ። የመዳብ 0.7 ነው። ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ የከበደ ሙሽራ! እንዲያም ሆኖ የላንዳው ሥዕል አልፈረሰም።

እንግዲህ ሁለት ጫፍ አያችሁ። አንዱ ዩ ትልቅ የሆነበት፣ ኤሌክትሮን የተቸከለበት። ሌላው ኤሌክትሮን ከነአጀቡ የሚሄድበት። ከባዱ መሀሉ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚጣላውም እዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ግሪን ፈንክሽን ውስጥ ግቡ። አትፍሩት፣ ሠርታችሁታል። አንድ ኤሌክትሮን ጨምሩ፣ ቆይታችሁ አውጡ፣ ምን እንደተፈጠረ ጠይቁ ነው የሚለው። ቅድም የሦስቱን ኤሌክትሮን ኃይል ከሁለቱ ስታነጻጽሩ የግሪን ፈንክሽኑ ጫፎች የት እንደሚቆሙ ነበር የምታሰሉት። የሁለት ሳይቱን ግሪን ፈንክሽን ሙሉ በሙሉ በእጅ አውጡ፣ ከዚያ ያ አረፋና ቀስት የቱን ክፍሉን እንደሚይዝ፣ የቱን እንደሚጥል ቁጥር በቁጥር ታያላችሁ። ጣሊያን፣ ትሪየስቴ የሚገኘው አይሲቲፒ (ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል) ትምህርቶቹን እየቀዳ በነፃ ይለቃል፣ ከእኛ ዓይነት አገር ለሚመጡ ተማሪዎችም የኮንደንስድ ማተር (የጠጣርና የመሰሉት ቁሶች ፊዚክስ) ዲፕሎማ አለው። ሁለት ሳይቷን የሠራ ሰው እዚያ ሲሄድ ዝም ብሎ አይገለብጥም።

የቤት ሥራ። ሦስት ሳይት በሦስት ማዕዘን፣ ሁለት አፕ፣ አንድ ዳውን። 9 ሁኔታ ብቻ ነው። ከሳይት 3 ወደ ሳይት 1 ስትዘሉ ለአፖቹ ምልክቷን አትርሱ። ዩ ዜሮ ላይ ኃይሉ −3 መሆን አለበት። ከዚያ ዩን ከፍ አድርጉ። ሁለት እኩል ዝቅተኛ መልሶች ታገኛላችሁ፣ ዩን ምንም ያህል ብትጨምሩ አይለያዩም። ሁለቱ ጎረቤቶች ተቃራኒ ከሆኑ ሦስተኛው ለማን ተቃራኒ ይሁን?